መዝገቡ የማን ነው? የቀበሌ ሰነድ አያያዝና የነዋሪው ቁጥጥር

መዝገብ የወረቀት ጥራዝ ብቻ አይደለም። ማን በየትኛው ቤት እንደሚኖር፣ ማን ከማን እንደ ተወለደ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጋባ፣ ማን ምን እንደ ሸጠና ማን ምን እንደ ወረሰ አጽንቶ የሚይዝ፣ በሰዎች መካከል ያለውን የመብትና የግዴታ ግንኙነት የሚወስን ማኅበራዊ መሣሪያ ነው። መሣሪያ ደግሞ ምንጊዜም ባለቤት አለው። ስለሆነም ስለ አንድ የአካባቢ አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የሰነድ አያያዝ ስንነጋገር በቅድሚያ ልናነሣው የሚገባን ጥያቄ «መዝገቡ በብዕር ይጻፍ ወይስ በኮምፒዩተር?» የሚለው ሳይሆን «መዝገቡ የማን ነው? ማንስ ይቆጣጠረዋል?» የሚለው ነው።

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከቀበሌ ወይም ከወረዳ ጽሕፈት ቤት ጉዳይ ኖሮት የሚያውቅ ነዋሪ ሁሉ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለውን አጭር ዓረፍተ ነገር ያውቀዋል። ይህ ዓረፍተ ነገር ሲነገር ባሏ የሞተባት እናት ለ30 ዓመታት ከኖረችበት የቀበሌ ቤት ጋር ያላት ግንኙነት በአንዴ ጥያቄ ውስጥ ይገባል። በፋብሪካ ጉልበቱን አፍስሶ 60 ዓመት የሞላው ሠራተኛ ዕድሜውን ለማስረዳት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። አባቱ የሞተበት ወጣት ልጅነቱን የሚያረጋግጥለት ምስክር ፍለጋ ሰፈር ለሰፈር ይዞራል። ባለሀብቱ ጠበቃ ቀጥሮ፣ ቅጂውን በካዝና ቆልፎ ራሱን ይጠብቅ ይሆናል። ከላቡ በስተቀር ሌላ ሀብት የሌለው ሠርቶ አደር ግን መብቱን የሚያስቀምጥበት ካዝና የሕዝብ መዝገብ ብቻ ነው። የመዝገብ መዝረክረክ ሁሉንም እኩል የማይጎዳውም በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገብና ሥልጣን በታሪካችን

በአገራችን ጽሑፍና ሥልጣን መቆራኘት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። በጎንደር ዘመን፣ በተለይም በ18ኛው ምዕተ ዓመት፣ የመሬት ሽያጭና ስጦታ በአድባራት በሚገኙ የብራና መጻሕፍት ኅዳግና ባዶ ገጾች ላይ ይሰፍር ነበር። ሻጩና ገዢው ይጠቀሳሉ፤ ዋጋው ይጻፋል፤ የምስክሮች ስም ይዘረዘራል። አሠራሩ ብልኀት የተሞላበት ነበር። መጽሐፉ የተከበረ በመሆኑ ማንም በቀላሉ አይቀደውም፤ ምስክሮቹ ብዙ በመሆናቸው ማንም በቀላሉ አይክደውም። ይሁንና ብራናው የተቀመጠው በደብሩ ዕቃ ቤት፣ ቁልፉም በጥቂቶች እጅ ነበር። ጉዳዩም በአመዛኙ የመኳንንቱ፣ የካህናቱና የባለጸጎች ጉዳይ ነበር።

በዘውዳዊው አገዛዝ የመጨረሻ ዓመታት እንኳ ጭሰኛው ከባለመሬቱ ጋር የነበረው ስምምነት በአብዛኛው የቃል ስምምነት ነበር። የቃል ውል ጉልበት ላለው ይመቻል። ባለመሬቱ «ልቀቅ» ባለ ጊዜ ጭሰኛው ከደጁ አውጥቶ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም። በ1952 ዓ.ም የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረትን የሚመለከት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲመዘገብ ደነገገ። በቁጥር 1728ም ዓይነ ሥውር የሆነ ወይም ማንበብ የማይችል ሰው የጣት አሻራ ያኖረበት ውል በሚመለከተው ሹም ፊት ካልተረጋገጠ እንደማያስገድደው በመግለጽ ያልተማረውን ሕዝብ ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ ሞከረ። ነገር ግን ይኸው ሕግ በማጠቃለያ ክፍሉ፣ በቁጥር 3361፣ የልደትን፣ የጋብቻንና የሞትን ምዝገባ የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ቀኑ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪገለጽ ድረስ ሥራ ላይ እንዳይውሉ አደረገ። ሕጉ ታተመ፤ መዝገቡ ግን አልተከፈተም። በመላ አገሪቱ ወጥ የሆነ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት፣ ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ ነው። በሁለቱ ድርጊቶች መካከል 56 ዓመታት አልፈዋል። በወረቀት ላይ የተጻፈ መብት የሚመዘግበው እጅ ካላገኘ ምን ያህል ዘመን ተኝቶ ሊቆይ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

በመካከሉ ታላቅ ለውጥ ተካሂዷል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ንብረት ሲያደርግ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትንም አቋቁሟል። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር ያልበለጠ ቤቶች በቀበሌ ማኅበራት እንዲተዳደሩ ተደረገ። የማኅበራቱ መዋቅር በአዋጅ ቁጥር 104/1969 በቀበሌ፣ በከፍተኛና በከተማ ደረጃ ተጠናከረ። እስከዚያ ድረስ ስሙ በማንም መዝገብ ያልገባ የቀን ሠራተኛ፣ ጉልት ቸርቻሪና የቤት ሠራተኛ የቤት ቁጥር፣ የመታወቂያ ወረቀትና የቤተሰብ ቅጽ ያገኘው በዚህ አጋጣሚ ነው። መዝገቡ ከደብሩ ዕቃ ቤትና ከማዘጋጃ ቤቱ መደርደሪያ ወርዶ ወደ ሰፈር መጣ። በ1971 ዓ.ም የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ብዙዎች ቢያንስ የገዛ ስማቸውን በመዝገብ ላይ ለይተው ማንበብ እንዲችሉ በር ከፈተ።

ይሁን እንጂ ታሪክ አንድ ገጽ ብቻ የለውም። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብር ወቅት፣ የነዋሪውን ስምና የቤት ቁጥር የያዘው ያው ጽሕፈት ቤት የአሰሳና የእስራት መሣሪያም ሆኗል። የስንቱ ወጣት ቤት የተንኳኳው ነዋሪውን ለማገልገል በተቋቋመ ጽሕፈት ቤት ስም ነበር። ከዚህ መራራ ተሞክሮ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። መዝገብ ለሕዝብ ቅርብ መሆኑ ብቻውን አይበቃም። ሕዝቡ የማይቆጣጠረው መዝገብ፣ በስሙ ቢጠራም እንኳ፣ በእርሱ ላይ ሊዞር ይችላል።

ሌሎች ሕዝቦችም ይህንኑ ጥያቄ በየታሪካቸው ገጥመውታል። በፈረንሳይ አብዮት ዘመን፣ መስከረም 20 ቀን 1792 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዝገብን ከቤተ ክርስቲያን አጥቢያዎች ወስዶ ለማዘጋጃ ቤቶች ሰጠ። በ1794 እ.ኤ.አ. ደግሞ ማንኛውም ዜጋ በሕዝብ ቤተ መዛግብት የሚገኙ ሰነዶችን ለማየት የመጠየቅ መብት እንዳለው ታወጀ። የመጀመሪያው ሕግ መዝገቡ በማን ይያዝ የሚለውን፣ ሁለተኛው ደግሞ ማን ይየው የሚለውን ጥያቄ መለሰ። ሁለቱ ካልተሟሉ የባለቤትነት ጥያቄ ግማሽ መልስ ብቻ ያገኛል።

«ፋይሉ ጠፍቷል» ከምን ይመነጫል?

ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ይህን አገልግሎት በቅርብ የሚሰጠው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ነው፤ በገጠርና በብዙ ከተሞች ደግሞ ቀበሌው ነው። የሕግ እጥረት አለ ለማለት አይቻልም። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ስለ ወሳኝ ኩነት፣ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ስለ ከተማ መሬት ይዞታ፣ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ሕዝቡ «ውልና ማስረጃ» ብሎ ስለሚጠራው የሰነዶች ማረጋገጥና ምዝገባ ሥራ በዝርዝር ደንግገዋል። ታዲያ ችግሩ የት ላይ ነው?

አንዳንዶች ችግሩ የመዝገብ ቤት ሠራተኛው ስንፍና ወይም ሌብነት ነው ይላሉ። ይህ አመለካከት ከፊል እውነት አለው፤ ነገር ግን ጥልቀት የለውም። ሌባ ሠራተኛ ቢኖር ሌብነቱን የሚፈቅድለት አሠራር አስቀድሞ መኖር አለበት። እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አንድ ጽሕፈት ቤት መዛግብቱን ያለ ማውጫ ያከማቻል እንበል። ሰነዱ የት እንዳለ የሚያውቀው ለረጅም ጊዜ የሠራው አንድ ሰው ብቻ ይሆናል። ይህ ሰው፣ ፈለገም አልፈለገም፣ የነዋሪው ሁሉ ዕጣ ፈንታ በእርሱ ማስታወስና አለማስታወስ ላይ ይመሠረታል። እርሱ በታመመ ቀን ጽሕፈት ቤቱ ይታመማል። እርሱ በተዛወረ ቀን መዝገቡ ዲዳ ይሆናል። ሰውየው ሐቀኛ ከሆነ ሥራው ያደክመዋል፤ ሐቀኛ ካልሆነ ደግሞ «ፋይሉ ጠፍቷል» ማለትና «ፋይሉ ተገኝቷል» ማለት የሚሸጥ ዕቃ ይሆናል። ከበሩ ላይ የሚቆመው ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ደላላውና እጅ መንሻው የሚበቅሉት ከዚህ አፈር ነው። እንግዲህ የፋይል መጥፋት የዕድል ጉዳይ አይደለም። ዕውቀትን በአንድ ሰው እጅ ያከማቸ የሥራ ግንኙነት ውጤት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ርክክብ የሌለው የመዋቅር ለውጥ ነው። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቀረች፤ በ2013 ዓ.ም ለሚ ኩራ ሲጨመር ቁጥራቸው 11 ሆነ። ከከፍተኛና ቀበሌ ወደ ክፍለ ከተማና ወረዳ በተደረገው ጉዞ ብዙ ሰነድ ከቤት ወደ ቤት ተጓጉዟል። አስተዳደር በሚከፈልበትና በሚዋሐድበት ጊዜ ሁሉ ወንበሩና ጠረጴዛው በዝርዝር ተቆጥሮ ይተላለፋል፤ መዝገቡ ግን በጆንያ ተጠቅጥቆ ከተላለፈ የዕቃ ክምር ይሆናል እንጂ መዝገብነቱ ያበቃል። የወንበር ዋጋ የታወቀበት፣ የመዝገብ ዋጋ ያልታወቀበት ርክክብ የቢሮክራሲን አስተሳሰብ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ሦስተኛው ከገዛ ፊደላችንና ከዘመን አቆጣጠራችን ጋር የተያያዘ ነው። የእኛ አጠራር በራስ ስም፣ በአባትና በአያት ስም እንጂ በቤተሰብ መጠሪያ አይደለም። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ሲሆኑ በመልክ ይለያያሉ። በመታወቂያዋ ላይ «ፀሐይ ዓለሙ» የተባለች ሴት በቤት ውሉ ላይ «ጸሀይ አለሙ» ተብላ ብትጻፍ፣ የአንዲት ሴት ስም በማውጫው ሁለት የተራራቁ ቦታዎች ላይ ይቀመጣል፤ ፈላጊው ሠራተኛም «ስምሽ የለም» ይላታል። ቀኑም እንዲሁ ነው። የእኛ አቆጣጠር ከአውሮፓውያኑ፣ እንደ ወሩ፣ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይለያል። አንድ ጸሐፊ «1982» ብሎ ዓ.ም ይሁን እ.ኤ.አ. ሳይገልጽ ቢያልፍ፣ ያ ሰው ከጊዜ በኋላ ለሥራ፣ ለጡረታ ወይም ለውጭ አገር ጉዞ ሲቀርብ ዕድሜው በ7 ወይም በ8 ዓመት ሊዛባ ይችላል። የአንድ ነጥብና የሁለት ፊደል ቸልተኝነት የሰውን ሕይወት እስከ ማናጋት ይደርሳል።

ከዕድር መዝገብ የምንማረው

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በየሰፈራችን ያለውን ዕድር እንመልከት። ዕድር ብዙውን ጊዜ የብረት መደርደሪያ የለውም፤ ደመወዝ የሚከፈለው የመዝገብ ቤት ሹምም የለውም። ሆኖም መዝገቡ ሲጠፋ ስንቶቻችን ሰምተናል? ምክንያቱን ብንመረምር ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ስለሆኑ አንዱ ያለ ሌላው መዝገቡን ሊለውጠው አይችልም። ሁለተኛ፣ በስብሰባው ቀን ስም ይጠራል፤ ያልከፈለ ይታወቃል፤ የተሳሳተ ስም በዚያው በአባላት ፊት ይታረማል። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ አባል መዝገቡ በሐዘን ቀን የሚደርስለት የገዛ ንብረቱ መሆኑን ያውቃል። ስለሆነም ይጠብቀዋል፤ ይጠይቃል፤ ይከራከራል።

የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባም ተመሳሳይ ትምህርት ይሰጣል። በትግራይ በ1990 ዓ.ም አካባቢ ተጀምሮ ወደ አማራ፣ ኦሮሚያና ደቡብ ክልሎች የተስፋፋው የመጀመሪያው ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ በውድ መሣሪያ የተከናወነ አልነበረም። ገበሬው በመረጠው የቀበሌ ኮሚቴ አማካይነት፣ ወሰንተኞች በማሳው ላይ በተገኙበት፣ ወሰኑ እየታየና እየተመሰከረ ተመዘገበ። በአማራ ክልል የይዞታ ደብተሩ የባልንም የሚስትንም ስምና ፎቶግራፍ እንዲይዝ መደረጉ ደግሞ ለዘመናት በባሏ ስም ስር ተሸፍና የኖረችውን ሴት በመዝገብ ላይ በገዛ መልኳ አስቆማት። በግልጽ የተሠራ መዝገብ በርካሽ ዋጋ እንኳ ኃይል እንዳለው ይህ አረጋግጧል።

ይሁንና ይኸው ሥራ አንድ ድክመትንም አሳይቷል። መሬቱ ሲወረስ፣ ባልና ሚስት ሲፋቱ፣ ማሳው ለልጆች ሲከፈል ለውጡ በወቅቱ ካልተመዘገበ ደብተሩ የሞቱ ሰዎች ስም ዝርዝር ይሆናል። መዝገብ እንደ ማሳ ነው፤ አንድ ጊዜ ታርሶ የሚተው አይደለም፤ በየወቅቱ ካልታረመ አረም ይወርሰዋል።

ምን መደረግ አለበት?

ከላይ የተዘረዘረው ትንታኔ ወደ ተግባር ካልተለወጠ ባዶ ንግግር ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በማንኛውም ቀበሌ ወይም ወረዳ፣ ትልቅ በጀት ሳይጠበቅ፣ ሊፈጸሙ የሚችሉትን እርምጃዎች እንደሚከተለው እናስቀምጣለን።

አንደኛ፣ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚገባ ማናቸውም ሰነድ በደረሰበት ዕለት ተከታታይ ቁጥር ተሰጥቶት በገቢ መዝገብ ይስፈር። የሰነዱ ዓይነት፣ የገጹ ብዛት፣ ያቀረበውና የተቀበለው ሰው ስም ይጻፍ። ባለጉዳዩም ይኸው ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ይዞ ይሂድ። ደረሰኝ በእጁ ያለ ሰው «አላመጣህም» አይባልም።

ሁለተኛ፣ መዝገቡ የተጠረዘና ገጹ አስቀድሞ የተቆጠረ ይሁን። ነጠላ ወረቀት ይቀደዳል፤ በተቆጠረ ጥራዝ ውስጥ ግን የጎደለ ገጽ ራሱ ይናገራል። ስሕተት ሲፈጠር መፋቅና መደለዝ ይቅር፤ የተሳሳተው ቃል እንደተነበበ በአንድ መስመር ተሰርዞ፣ ትክክለኛው ከጎኑ ተጽፎ፣ ቀንና ፊርማ ይኑርበት። ሕጋዊ ሰነድ «ሥርዝ ድልዝ የሌለበት» ይባል ዘንድ የሚፈለገው እርማት አይኑር ለማለት ሳይሆን የተሰወረ እርማት አይኑር ለማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ማውጫ ይዘጋጅ፤ ይኸውም አንዱ በስም፣ ሁለተኛው በቤት ቁጥር ይሁን። በስም ማውጫው ላይ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት በአንድ ረድፍ ይሰብሰቡ፤ በዋናው መዝገብ ላይ ግን ስሙ ባለቤቱ እንደሚጽፈው ይጻፍ። ቀን በተጻፈበት ሁሉ ዓ.ም ወይም እ.ኤ.አ. የሚለው አይታለፍ። ማውጫ ሲኖር ዕውቀቱ ከአንድ ሠራተኛ አእምሮ ወጥቶ የጽሕፈት ቤቱ፣ ብሎም የሕዝቡ ንብረት ይሆናል። ይህ አንድ እርምጃ ብቻ የ«ፋይሉ ጠፍቷል»ን ገበያ በእጅጉ ይዘጋዋል።

አራተኛ፣ የዋና ዋና መዛግብት ቅጂ በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ። እሳት፣ ጎርፍ፣ ምስጥና አይጥ የሰውን ወገን አይለዩም። ሁለቱም ቅጂዎች በአንድ ጣራ ሥር ከተቀመጡ ግን ሁለት ቅጂ አለ ማለት አይቻልም።

አምስተኛ፣ ኃላፊ ወይም ሠራተኛ ሲለወጥ መዝገቡ በጥራዝ ቁጥርና በገጽ ብዛት ተቆጥሮ፣ አስረካቢውና ተረካቢው ታዛቢዎች ባሉበት ፈርመው ይተላለፍ። የጎደለ ካለ መጉደሉ በዚያው ዕለት ይመዝገብ፤ ከ10 ዓመት በኋላ በባለጉዳዩ ትከሻ ላይ አይውደቅ።

ስድስተኛ፣ የውክልና መሻር ከውክልናው እኩል ትኩረት ያግኝ። ውክልና የተሰጠበት መዝገብና መሻሩ የተጻፈበት መዝገብ ካልተገናኙ፣ የተሻረ ውክልና የያዘ ሰው በሌላ መስኮት ቀርቦ የሰውን ቤት ሊሸጥ ይችላል። ስለዚህ መሻሩ በመጀመሪያው ገጽ ኅዳግ ላይ በቁጥርና በቀን ይመልከት፤ ለሚመለከታቸው ጽሕፈት ቤቶችም ሳይውል ሳያድር ይድረስ።

ሰባተኛ፣ ለእያንዳንዱ አገልግሎት የሚያስፈልገው ማስረጃ፣ የሚከፈለው ገንዘብና የሚወስደው ጊዜ በግልጽ ተጽፎ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ባለጉዳዩ የሚጠየቀውን አስቀድሞ ካወቀ «ይህ ጎድሎሃል፤ ነገ ተመለስ» ማለት መተዳደሪያ መሆኑ ያበቃል።

እዚህ ላይ መታረም ያለበት አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አለ። መዝገቡ የሕዝብ ነው ማለት ማንም ተነሥቶ የጎረቤቱን ገመና ይገልብጥ ማለት አይደለም። አሠራሩ፣ ማውጫው፣ ርክክቡና ቁጥጥሩ ለሕዝብ ክፍት ይሁን፤ የእያንዳንዱ ሰው ሰነድ ግን ለባለቤቱና ሕግ ለፈቀደለት ብቻ ይታይ። የ1969 እና የ1970 ዓ.ም ተሞክሮ ያስተማረን ይህን ልዩነት አጥብቀን እንድንጠብቅ ነው።

ኮምፒዩተር ይፈታዋልን?

«ሁሉንም ኮምፒዩተር ይፈታዋል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ዘመናዊ መሣሪያን የምንቃወምበት ምክንያት የለንም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት ያገኘው የዲጂታል መታወቂያ ሥርዓት፣ ሕዝቡ «ፋይዳ» ብሎ የሚያውቀው፣ አንድን ሰው ከስመ ሞክሼው በልዩ ቁጥር በመለየት ቀደም ብለን ላነሣነው የስምና የፊደል ችግር ትልቅ እገዛ ያደርጋል። ማውጫን በደቂቃ መፈለግ፣ ቅጂን በሌላ ቦታ ማኖር፣ ማን መቼ ምን እንደ ለወጠ መመዝገብ መሣሪያው በሚገባ የሚሠራቸው ተግባራት ናቸው።

ሆኖም መሣሪያ የሥራ ግንኙነትን በራሱ አይለውጥም። የተዘበራረቀ መዝገብ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ የሚወጣው በፍጥነት የሚገኝ ዝብርቅርቅ ነው። ማውጫውን በአእምሮው ይዞ የኖረው ሠራተኛ ቦታ የይለፍ ቃሉን ብቻውን በያዘ ሠራተኛ ቢተካ፣ «ፋይሉ ጠፍቷል» የሚለው ቃል «ሲስተም የለም» በሚለው ይተካል እንጂ ባለጉዳዩ ያው ደጅ ላይ ይቆማል። መብራት በጠፋ ቀንም የተጠረዘው መዝገብና ደረሰኙ ሥራውን መቀጠል አለባቸው። ስለሆነም ቅደም ተከተሉ ሥርዓት በመጀመሪያ፣ መሣሪያ ከዚያ በኋላ ነው።

የመዝገብ ቤት ሠራተኛውና የነዋሪው ድርሻ

ይህን ስንል ዱላችንን በመዝገብ ቤት ሠራተኛው ላይ ለማሳረፍ አይደለም። እርሱም ሠርቶ አደር ነው። ጠባብ ክፍል፣ የሚያፈስ ጣራና የማያልቅ ሰልፍ የዕለት ኑሮው ነው። አቧራ የሚተነፍሰው እርሱ ነው። ሥልጠና፣ መደርደሪያና በቂ ባልደረባ ሳይሰጡት ፍጹም ሥራ መጠየቅ ፍትሕ አይሆንም። እንዲያውም ማውጫና ደረሰኝ ሐቀኛውን ሠራተኛ ይጠብቁታል፤ ባልሠራው ጥፋት እንዳይጠረጠር፣ ለዘመድና ለሹም ትእዛዝ «አይሆንም» የሚልበት ምርኩዝ ይሆኑታል። ስለሆነም በዚህ ትግል ውስጥ ሐቀኛው ሠራተኛና ነዋሪው አንድ ወገን ናቸው።

ነዋሪውም በበኩሉ ከትችት ያለፈ ኃላፊነት አለበት። ሕጉ ልደት በ90 ቀናት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገቡ ያዛል። ልጁን ሳያስመዘግብ ዓመታት የሚያሳልፍ ወላጅ፣ ትምህርት ቤት ወይም ፓስፖርት በተጠየቀ ዕለት ብቻ ወደ ጽሕፈት ቤቱ የሚሮጥ ሰው፣ ለሐሰተኛ ማስረጃ ደላላ የሚከፍል ሰው፣ ያልተነበበለትን ውል የሚፈርም ሰው ሁሉ በገዛ እጁ የራሱን መከላከያ ያፈርሳል። ዕድሮች በአባል ቤት ልደት ወይም ሞት ሲደርስ «አስመዘገባችሁ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ፣ የሠራተኛ ማኅበራት አባሎቻቸው የልደትና የሥራ ማስረጃቸውን ጡረታ ከመድረሱ በፊት እንዲያጣሩ ቢያስተምሩ፣ የጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበራት የአባሎቻቸውን ውል ቅጂ በቅደም ተከተል ቢይዙ፣ የመዝገቡ ግማሽ ሥራ ከጽሕፈት ቤቱ በር በፊት ይጠናቀቃል።

ከሁሉ በላይ ግን ነዋሪው በስብሰባ ላይ ስለ መንገድና ስለ ውኃ እንደሚጠይቅ ሁሉ ስለ መዝገቡም ይጠይቅ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰነድ ገባ? ለስንቱ ውሳኔ ተሰጠ? ማውጫው የት ደርሷል? ቅጂው የት ተቀምጧል? የመጨረሻው ርክክብ መቼ ተደረገ? እነዚህ ጥያቄዎች ሊቅነትን አይጠይቁም፤ በዕድር ስብሰባ ላይ የለመድናቸው ናቸው። ኃላፊውም በቁጥር ይመልስ።

መዝገቡ የማን ነው? የጸሐፊው አይደለም፤ ጸሐፊው ይዛወራል። የኃላፊው አይደለም፤ ኃላፊው ይለወጣል። መዋቅሩም ይፈርሳል፤ ይሠራል። በቤቱ ውስጥ የሚቀረው፣ ልጁን የሚያሳድገው፣ ሙታኑን የሚቀብረው ነዋሪው ነው። ስለዚህ መዝገቡ የእርሱ ነው። በሚቀጥለው ስብሰባም ማውጫው ይቅረብልኝ ብሎ የመጠየቅ ሙሉ መብት አለው።